የራሴን ፍቺ ፍለጋ ሄጄ የሰው ሽማግሌ ሆንኩ

ያገባ ሰው የጋብቻ ወረቀቱን ቢጥል ብዙ አይጨነቅም። ሚስቱ ራሷ ማስረጃ ናት፤ እሱ ቢረሳው እንኳ ታስታውሰዋለች። የተፋታ ሰው ግን መፋታቱን በምን ያሳያል? ባዶ ቤቱን ከፍቶ? ባዶ ቤትማ ሚስቱ ገበያ የወጣችበት ሰውም አለው። ስለዚህ እናንተ የተፋታችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ልትፋቱ የምታስቡም፣ ያቺን ወረቀት እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቋት። ይህንን የምለው ሰው ላስተምር ብዬ ሳይሆን አናዶኝ ነው።

እኔ የእኔን ቀድጃታለሁ። የተፋታሁት የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ በተከፈተበት ሰሞን ነው። የውሳኔው ግልባጭ በእጄ የገባ ዕለት ጓደኞቼ ሊያጽናኑኝ ምሳ ጋበዙኝ። አንዱ ይህ ነገር ሐዘን ሳይሆን ደስታ ነው ብሎ ተናገረ፣ ሌላው እውነት ነው አለ፣ እኔም ሞቅ አለኝና ከመቀመጫዬ ተነስቼ ወረቀቱን ሳላነበው ብጥስጥሱን አወጣሁት። ጓደኞቼ አጨበጨቡ። አስተናጋጇ መጥረጊያ ይዛ መጣች። እነዚያ ጓደኞቼ ዛሬ ሁሉም ባለትዳር ናቸው፤ አንዳቸውም ያን ቀን እዚያ እንደነበሩ አያስታውሱም።

አሁን ታዲያ ከስንት ዓመት በኋላ ሰናይት ልታገባኝ ፈቀደች። ለምን እንደፈቀደች አልጠየቅኋትም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ሲመረምሩት ይበላሻል። ሰናይት ነርስ ናት፣ እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። የተዋወቅነው የክሊኒካቸው የመድኃኒት ፍሪጅ አልቀዘቅዝ ብሎ ተጠርቼ ስሄድ ነው። እየሠራሁ አጠገቤ ቆማ መቼ እንደሚያልቅ ስትጠይቀኝ፣ ይህ ፍሪጅ በየሳምንቱ መታየት አለበት ብዬ ለአስተዳዳሪው ነገርኩት። እሷ እሺ እስክትለኝ ድረስ በዚያ ክሊኒክ ከበሽተኞቹ ሁሉ ይበልጥ የታከመው ፍሪጁ ነው።

ሰናይት አሰላ ተወልዳ ያደገች፣ የወንጌል አማኞች ቤተሰብ ልጅ ናት። ሠርጉ በቤተ ክርስቲያናቸው እንዲሆን ተስማማንና መጋቢው ጠሩን። ጥሩ ሰው ናቸው። ሻይ ጋበዙኝ፣ የቤታቸው ፍሪጅ ለምን በረዶ እንደሚያበዛ ጠየቁኝ፣ አስረዳኋቸው፤ ከዚያ ቀስ ብለው ከዚህ ቀደም ትዳር እንደነበረኝ መስማታቸውን አነሱ። የፍቺውን ውሳኔ ማኅተም ያረፈበትን ይዘህ ና፣ እሱ ሳይመጣ ጋብቻችሁን ለምእመኑ ማሳወቅ አልችልም አሉኝ። አዳራሽ ተይዟል። የሰናይት እናት ከአሰላም ከበቆጂም ዘመድ ጠርተዋል። ከመጋቢው ቢሮ ስንወጣ ሰናይት ወረቀቱ አለህ አይደል አለችኝ፣ እንዴታ፣ ቤት ተቀምጧል አልኳት። ሰው ሊያገባት ላሰባት ሴት «ያንኛውን እያጨበጨቡልኝ ቀደድኩት» ብሎ እንዴት ይናገራል?

የቀድሞዋን ባለቤትህን ለምን አልጠየቅካትም የምትሉ ትኖራላችሁ። እሷ የራሷን ግልባጭ በሥርዓቱ አስቀምጣ፣ ድሬዳዋ ሄዳ፣ አግብታበታለች። ስልኳንም ቀይራለች። ባትቀይርስ ደውዬ ምን ልላት ነው?

እናም ፍርድ ቤት ሄድኩ። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ በከተማችን በአዳማ አንድ ብቻ አይደለም። ሠራተኞቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም። ወደፊት ጉዳይ ሊኖረው ስለሚችል ነው እንዲህ የሚለው ብላችሁ እንዳትጠረጥሩኝ፤ የእውነት ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው።

ከግቢው ፊት ለፊት ዣንጥላ ተክለው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። አንደኛው ገና ከባጃጅ ስወርድ ምን ልጻፍልዎት አለኝ፤ ገላምጬው አለፍኩ። እኔ በትምህርት ቤት በድርሰት ተሸልሜ የማውቅ ሰው ነኝ፣ ለማመልከቻ ሰው ልቀጥር? ቤቴ ቁጭ ብዬ ሦስት ገጽ ጽፌ ነበር የመጣሁት። ከቀድሞ ባለቤቴ ጋር የተገናኘንበትን፣ የተጋባንበትን፣ እናቷ በሠርጋችን ማግስት የተናገሩኝን ሁሉ በዝርዝር አስፍሬያለሁ። «ስለሆነም» የሚለው ቃል የሚመጣው ሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው።

መዝገብ ቤት ያለችው ወጣት ሦስቱንም ገጽ አነበበችልኝ። እግዜር ይስጣት፣ አልሳቀችም። አባባ አለችኝ። ፀጉሬ እንደ አባቴ ፀጉር ከሠላሳ ዓመቴ ጀምሮ ነጭ ስለሆነ አባባ መባል ባይገርመኝም ያናድደኛል። ለፍርድ ቤቱ የሚቀርብ ማመልከቻ በአፋን ኦሮሞ እንደሚጻፍ በትሕትና ነገረችኝ። ቀጥላ ታሪኩ የሚያሳዝን መሆኑን፣ የመዝገብ ቁጥሩ ግን የትም ቦታ አለመጠቀሱን ነገረችኝ።

የመዝገብ ቁጥር የት ነው የሚገኘው አልኳት። ውሳኔው ላይ አለ አለች። ውሳኔውስ? በመዝገብ ቁጥሩ ተፈልጎ ይወጣል።  ከዚያ ግድ የለም፣ የሁለታችሁም ሙሉ ስምና ዓመቱ ካለ በዚያ እንሞክራለን አለች። ዓመቱን አላስታወስኩም፤ የፍጥነት መንገዱ የተከፈተ ሰሞን ነው አልኳት። ስልኳን አውጥታ መንገዱ መቼ እንደተከፈተ ፈልጋ ዓመቱን ጻፈች። ወሩን ስትጠይቀኝ ዝናብ ነበር አልኩ። ይህንን አልጻፈችውም።

አንገቴን ደፍቼ ወደ ባለ ዣንጥላው ተመለስኩ። ሦስቱን ገጽ ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አየና በአራት መስመር ጨረሰው። አማትዎ ይግቡ ወይስ ይቅሩ ብሎ ጠየቀኝ። ይቅሩ አልኩ።

አሮጌ መዛግብት የሚቀመጡት ሌላ ክፍል ስለሆነ ተፈልጎ እስኪገኝ ከጥቂት ቀን በኋላ ብቅ ይበሉ ተባልኩ። ብቅ አልኩ። የአዳማ ፀሐይ ያን ቀን ሥራ ፈትቶ እኔን ብቻ የያዘኝ ይመስል ነበር። ዘበኛው ደግሞ ደንብ አለው፤ ግልባጭ ፈላጊ ተራው እስኪደርስ ውጭ ይቆማል፣ ጥላ ያለው ኮሪደርና አግዳሚ ወንበሩ የችሎት ባለጉዳዮችና የሽማግሌዎቻቸው ነው። በአጥሩ በኩል አየኋቸው፤ ተቀምጠዋል፣ አንዱማ ጫማውን አውልቋል። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ዘበኛው ወደ እኔ መጣና ፀጉሬን አይቶ፣ ከቤተሰብ ችሎት ሽማግሌዎች ነዎት እንዴ ብሎ ጠየቀኝ።

አዎ አልኩ።

እስቲ ፍረዱኝ። እሱ የጠየቀው ፀጉሬን አይቶ ነው፣ እኔ የመለስኩት ስለ ፀሐዩ ነው። ገባሁና ተቀመጥኩ። ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ጀርባዬን ሳስደግፍ የተሰማኝን ደስታ ሁለት ጊዜ አግብቼም የማገኘው አይመስለኝም። ሰናይት ይህቺን መስመር አታነባትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥቂት እንደተቀመጥኩ በሁለት እጁ ሁለት ስልክ የያዘ ወፍራም ሰው ወዲያ ወዲህ ሲል አየሁ። ሲጠጋኝ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ስሙ ቶሎሳ ነው፣ መቂ ላይ የሽንኩርት ደላላ ነው፤ ይህንን የነገረኝ ሳልጠይቀው ነው። ሚስቱ አስቴር ፍቺ ጠይቃለች። ዳኛዋ ደግሞ መጀመሪያ ሽማግሌ ይሞክራችሁ፣ በዛሬው ቀጠሮ ከየወገናችሁ ሁለት ሁለት ሽማግሌ ይዛችሁ ቅረቡ ብለዋል። አስቴር ሁለት አምጥታለች። እሱ አጎቱን ይዟል፤ አጎቱ ጥግ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሁለተኛው ሽማግሌ መቂ ላይ መኪና እያስጫኑ ቀርተውበታል። ቶሎሳ ስልኮቹን ኪሱ ከቶ ፊቴ ቁጢጥ አለና ለዛሬ ብቻ ሁኑልኝ፣ ሽማግሌ አጉድዬ ከቀረብኩ ትዳሬን የናቅኩ ይመስላል አለኝ። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ያየናል። ሽማግሌ አይደለሁም ብል ወደ ፀሐዩ ነኝ። ደግሞ ሰው ቁጢጥ ብሎ ሲለምን እምቢ የሚል አንጀት የለኝም።

ችሎት ገባን። ዳኛዋ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። አፋን ኦሮሞ መስማቱን እሰማለሁ፣ ስናገር ግን ምላሴ እግሩን ይጎትታል። ስሜን ጠየቁኝ፣ ተናገርኩ። ባልየውን በደንብ ያውቁታል ወይ አሉኝ። ቶሎሳ ጫማዬን ረገጠ። እንደ ልጄ ነው አልኩ። ቶሎሳ እድሜው ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ዳኛዋ ስሜን አስመዘገቡ፣ አራታችሁም ሞክሩና ውጤቱን በቀጠሮው ቀን አሳውቁ ብለው ለቀጣዩ ሳምንት ረቡዕ ቀጠሩን። ስሜ የፍቺ መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ያውም የሰው ፍቺ።

ለዛሬ ብቻ የተባለው በዚህ ዓይነት ለሳምንት ሆነ። ግን አልዋሻችሁም፣ ጥሩ ነገርም ነበረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘበኛው ከሩቅ ሲያየኝ ተነስቶ እንዴት አደሩ ለማለት «አካም ቡልተን» ይለኛል፣ ሽማግሌያችን ለማለት ጃርሳ እያለ መንገድ ያስለቅቅልኛል። መዝገቤም ተገኘ። ግልባጩ ተዘጋጅቶ፣ ከዋናው ጋር ተመሳክሮ፣ ማኅተም አርፎበት የሚሰጠኝ ረቡዕ ነው ተባልኩ፤ ያው የእነ ቶሎሳ ቀጠሮ ቀን። አንድ ቀን ለሁለቱም ይበቃል ብዬ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ከሰናይት ጋር የሠርግ ጨርቅ ልንመርጥ ገበያ ወጥተን፣ እሷ ሁለት ነጭ ጨርቅ በሁለት እጇ ይዛ የቱ ይሻላል ስትለኝ ስልኬ ጮኸ። ቶሎሳ ነው፣ ሽማግሌዎቹ እዚሁ አዳማ ቤታቸው ተሰብስበው እኔን ብቻ ይጠብቃሉ። ለእኔ ሁለቱም ጨርቅ ያው ነጭ ነው። የደንበኛ ፍሪጅ ነው፣ ቶሎ እመለሳለሁ ብያት ሄድኩ።

የእነ ቶሎሳን ቤት ሳይ ነገሩ ገባኝ። ሳሎኑ እስከ መስኮቱ ድረስ የሽንኩርት ጆንያ ነው። ቶሎሳ ዋጋ እስኪጨምር ብሎ ያከማቸው ነው፤ ዋጋው ሲጨምር ደግሞ ገና ይጨምራል ይላል። ቴሌቪዥኑ የሚታየው በሁለት ጆንያ መካከል ነው። ከሥር ያለው መበላሸት ጀምሯል መሰለኝ፣ ገና ከመግባታችን የሁላችንም ዓይን እንባ ሞላ፣ አጎትየው እንኳ ነቁ። አስቴር የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ያላት፣ ቁጥብ፣ ኮስታራ ሴት ናት። አላለቀሰችም፤ ለምዳዋለች። እኔ ባል እንጂ መጋዘን አላገባሁም አለች። ጎረቤት በየቀኑ ዓይኗ ቀልቶ ሲያያት ባሏ ይመታታል ብሎ ማማት ጀምሯል። ቶሎሳ ሽንኩርቱን ለማን ብዬ ነው የማስቀምጠው፣ ለአንቺ አይደል ወይ አለ። በዚህ ዓይነት ከሰዓቱ ግማሽ አለፈ።

ሌሎቹ ሽማግሌዎች ጨዋዎች ናቸው፤ ያዳምጣሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሲጠየቁ አጭር ነገር ይናገራሉ። እኔ ግን ሽማግሌነቴ የተሰረቀ ስለሆነ በንግግር ልከፍል ፈለግኩ። ስለ መቻቻል አወራሁ። ፍሪጅ ጠጋኝ መሆኔን ነገርኳቸውና ስለ ፍሪጅ አወራሁ፤ ፍሪጅ እንዲቀዘቅዝ ከኋላው የሚሞቅ ነገር መኖር አለበት፣ ትዳርም እንዲሁ ነው አልኩ። ምን ለማለት እንደፈለግኩ እስከ ዛሬ አላውቀውም። አጎትየው ግን እውነት ነው አሉ።

አስቴር አቋረጠችኝ። ጋሼ፣ እርስዎ በትዳር ስንት ዓመት ኖሩ አለችኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ብዙ አልኩ። ባለቤትዎ እንዴት ቻለችዎት አለች። እንግዲህ እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ትታገሰኛለች፣ ነርስ ናት፣ ሆደ ሰፊ ናት አልኩ፤ እያልኩ በነበረበት ሰዓት ሰናይት ጨርቁን ይዛ ሱቅ በር ላይ ቆማለች። አስቴር ልቧ ተነካ፣ ሴት ለሴት ላነጋግራት እፈልጋለሁ፣ የት ነው የምትሠራው አለችኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ክሊኒኩን ነገርኳት።

ሰኞ ከሰዓት ሰናይት ደወለችልኝ። ድምጿ ረጋ ብሏል። ሰናይት ስትጮህ አልፈራትም፣ የምፈራት ድምጿ ሲረጋ ነው።

«ለባለቤትህ ሽንኩርት ተልኮላታል» አለችኝ።

«ለየትኛዋ ባለቤቴ?» አልኩ።

ከዚህ የከፋ መልስ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝና ልጽናና። አስቴር አንድ ጆንያ ሽንኩርት በባጃጅ አስጭና ክሊኒክ ድረስ ሄዳለች። ለፀጉረ ነጩ ፍሪጅ ጠጋኝ ባለቤት፣ ለብዙ ዓመት ሚስቱ ብላ አስጠርታለች። ባልደረቦቿ ሰናይትን ጠሯት። ሰናይት ገና ሠርጋችን አልደረሰም አለቻት። አስቴር እሳቸው እኮ ብዙ ዓመት ኖረናል ነው ያሉን አለቻት። ሽንኩርቱ መሃላቸው ቆሞ ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

ለሰናይት ሁሉንም ነገርኳት፤ መቅደዴን፣ ፀሐዩን፣ ዘበኛውን፣ ቶሎሳን። እውነት ስትዘገይ እንዴት የማትታመን እንደምትሆን ያን ጊዜ ገባኝ፤ እኔው ራሴ ስናገረው ውሸት መሰለኝ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ወረቀቱ ቤት ነው ያልከኝ አንተ ነህ። አሁን ፍርድ ቤት ነው የምትለውም አንተ ነህ። ሚስት የለኝም ያልከኝ አንተ ነህ፣ አለችኝ ያልካትም አንተ ነህ። ረቡዕ ፍርድ ቤት እመጣለሁ። ወረቀቱ ካለ በዓይኔ አየዋለሁ። ከሌለ ለእናቴ ደውዬ ዘመዶቿን እንዳታስመጣ እነግራታለሁ» አለችና ዘጋችው።

ማክሰኞን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልተርክላችሁም። የአንድ ሆቴል ፍሪጅ ልጠግን ሄጄ ይሠራ የነበረውን አበላሽቼ ተመለስኩ።

ረቡዕ ጠዋት ዘበኛው አካም ቡልተን ብሎ ተነሳልኝ። በቀጥታ መዝገብ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ግልባጩ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው፣ ትንሽ ይጠብቁ አለችኝ። ትንሽ ልጠብቅ ስል ቶሎሳ ከኋላዬ ክንዴን ያዘ፤ ችሎት ተሰይሟል። ስገባ ሰናይት የመጨረሻው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አላየችኝም፣ ወይም አየችኝ።

ዳኛዋ መዝገቡን ገልጠው፣ ሽማግሌዎች ምን ደረሳችሁ አሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ወደ እኔ ዞሩ፤ ቅዳሜ ዕለት ያን ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኛ። ተነሳሁ። ስለ መቻቻል ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ጥሩ ንግግር ነበር። ጀርባዬ ላይ ግን የሰናይት ዓይን አለ። 

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ ሽማግሌ አይደለሁም» አልኩ። «የራሴን የፍቺ ውሳኔ ግልባጭ ልወስድ የመጣሁ ሰው ነኝ። ፀሐዩ ከብዶኝ ነው የገባሁት።»

 አጎትየው ጎናቸው ያለውን ሽማግሌ ምን አለ ብለው ጠየቁ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ እኔን ትተው አስቴርን ይህንን ታውቂ ነበር ወይ አሏት።

አስቴር ተነሳች። ሰኞ ማወቋን ተናገረች። ከክሊኒኩ እንደተመለሰች ባሏን ይህ ያመጣኸው ሽማግሌ ማን ነው ብላ አፋጠጠችው፣ ቶሎሳም ከኮሪደር እንዳነሳኝ አመነ። ባሏ አምኖ ሲናገር ከሰማችው ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። ከዚያ የፍሪጁን ነገር አነሱና ከኋላው የሚሞቀው ማን ነው እየተባባሉ ሳቁ። ሲስቁ ደግሞ ለካ ከተሳሳቁ ቆይተዋል። በዚህ ሰውዬ አስመሳይነት ላይ ሁለታችንም አንድ ሐሳብ ነን አለች። ሽንኩርቱም ትናንት ተሽጦ ወጥቷል፣ ፍቺውን ትቼዋለሁ አለች። ቶሎሳ በኪሳራ ነው የሸጥኩት ብሎ ሊጨምር ሲል ክርኗን ቀመሰ።

ዳኛዋ መታረቃቸውን አስመዘገቡ። ወደ እኔ ዞሩና የተናገሩኝን ሁሉ አልደግመውም። ፍርድ ቤት መጠለያ እንዳልሆነ፣ ለፍርድ ቤት የሐሰት ቃል መስጠት ምን እንደሚያስከትል፣ በራሴ ጊዜ ባልናገር ኖሮ ዛሬ የምሄደው ወዴት እንደነበር ነገሩኝ።  በመጨረሻ፣ ግልባጭ ፈላጊ የሚጠብቀው ውጭ ነው፣ ይውጡና እዚያ ይጠብቁ አሉኝ።

ወጥቼ ፀሐዩ ላይ ቆምኩ። ዘበኛው በጎኔ አልፎ ሄደ፣ ሰላምታም የለ፣ ጃርሳም የለ። ሰናይት ወጣች። ዣንጥላ ይዛለች፤ ከፈተችና አጠገቤ ቆመች፣ ጥላው ግን እሷ ላይ ብቻ ነበር። ላናግራት አፌን ስከፍት እጇን አንስታ አስቆመችኝ።  ከዚያ የመዝገብ ቤቷ ልጅ በመስኮት ስሜን ጠራች፣ ሄጄ ፈርሜ ተቀበልኩ። የማኅተሙ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር። ለሰናይት ሰጠኋት። ይኸው፣ አየሽ፣ ተፋትቻለሁ አልኳት።

እሷ ግን ማኅተሙን አይታ አልመለሰችልኝም። ማንበብ ጀመረች። አሰላ የተማረች ልጅ ናት፣ አፋን ኦሮሞውን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። አንደኛውን ገጽ ጨርሳ ሁለተኛውን ገለጠች። ያን ወረቀት ለማግኘት ስንት ሆኛለሁ፣ ሰው ያነበዋል የሚል ሐሳብ ግን አንድም ቀን አልመጣልኝም።

«አንብበኸዋል?» አለችኝ።

አላነበብኩትም አልኳት። ያኔም ሳላነበው ነው የቀደድኩት።

«የሚስትየዋ ቃል እዚህ አለ» አለችና ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። «ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። አይመታኝም፣ አይጠጣም። ሰው ሁሉ ሲጠራው ይሄዳል። እኔ ስጠራው ግን መጣሁ ይለኛል፣ አይመጣም።»

 ያኔ ችሎት ውስጥ ስትናገረው አጠገቧ ቆሜ ነበር። ጆሮዬ ግሎ ስለነበር አልሰማሁም መሰለኝ። ሰናይት የቅዳሜውን ጨርቅ አላነሳችም። ብታነሳው ይሻለኝ ነበር።

በዚህ መሃል እነ ቶሎሳ ከችሎት ወጡ። አስቴር አለች፣ አጎትየው አሉ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ አሉ። በር ላይ ሚኒባስ አቁመዋል፣ ለእርቁ ምሳ ሊበሉ ነው። ቶሎሳ ከሩቅ አየኝና ሁለቱንም እጁን አውለበለበ። ቂም የሚባል ነገር የማያውቅ ሰው ነው።

«ሽማግሌያችን፣ ምሳ! እርስዎን ነው የምንጠብቀው!» ብሎ ተጣራ።

ልማድ ክፉ ነው፤ «መጣ» ብዬ ነበር። «ሁ» የምትለው ፊደል ብቻ ናት የቀረችው። አንድ እግሬም ተነስቷል። ሰናይት ወረቀቱን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አልጠራችኝም። ምን እንደማደርግ ትጠብቅ ነበር።

እግሬን መለስኩ። አልመጣም፣ ሰው ይጠብቀኛል ብዬ ጮህኩለት። ቶሎሳ ደግሞ ጠራኝ፣ አስቴርም ጠራችኝ፣ ሚኒባሱም ክላክስ አደረገ። ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም። ሚኒባሱ እስኪሄድ ድረስ ፀሐዩ ላይ ቆሜ፣ ሳልሄድ መቅረት ይህን ያህል ጉልበት እንደሚፈጅ ስገረም ነበር።

ሰናይት ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ መጋቢው ዛሬውኑ እንዲያዩት ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«ለመጋቢው ፎቶ ኮፒ አድርገን እንሰጣቸዋለን» አለችኝ። «ዋናው እኔ ጋ ይቀመጣል።»